የዛገው ፊደል

ሰው ሲያወራኝ አፉን ሳይሆን እጁን አያለሁ። ደረሰኝ ሲሰጠኝ ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ፤ ማኅተሙ ጠርዝ ላይ ከደበዘዘ እንደገና አየዋለሁ። ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ የኅትመት ቤቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጬ ያተረፍኩት ጠባይ ይህ ነው። የሰፈሩ ሰው "ይቺ ሴትዮ እናቷንም መታወቂያ ትጠይቃለች" ይለኛል። እናቴ በሕይወት የለችም እንጂ ብትኖር ሳልጠይቃት አልቀርም ነበር።

ከሥራዬ የመጣ ነው። አንዱ ይገባና "ይህቺን ቀን ብቻ ቀይሪልኝ" ይላል። ሌላው የልጁን የትምህርት ማስረጃ ዘርግቶ "ስድሳዋን ሰማንያ አድርጊያት፣ ማን ያያል?" ይላል፤ ደግሞ ሳያፍር፣ ሻይ ጨምሪልኝ እንደሚል ሰው። አላደርግም። ባላደርግም ሰው እንዴት ቀላል አድርጎ እንደሚጠይቅ አየሁ። ካየሁ ወዲያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ባየሁ ቁጥር ይህን ደግሞ ማን ሠራው እላለሁ።

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ላይ የሻይ ቤቱም፣ የልብስ ሰፊውም፣ የወፍጮ ቤቱም ስም በእሱ ብሩሽ የተጻፈበት ጊዜ ነበር። ከደሴ ባነር እየታተመ መምጣት ሲጀምር ሥራው ቀነሰ። ቀጥሎ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረና ብሩሾቹን አጥቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ አስቀመጣቸው። እኔ ከባሌ ተፋትቼ ወደ ቤቱ የተመለስኩት በዚያው ሰሞን ስለነበር ሁለት ኩርፊያ አንድ ጣሪያ ሥር ተቀመጥን።

ፊደሉን የመሥራት ሐሳብ የመጣልኝ ከእልህ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ያሉት የአማርኛ ፊደሎች ሁሉ አሁን ገላቸውን ታጥበው የወጡ ይመስላሉ። የዓሣ ቤት ማስታወቂያም፣ የሠርግ ጥሪም፣ የሐዘን መግለጫም በእነዚያው ይጻፋል። እኔ የፈለግኩት ዝናብና ፀሐይ ያየ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ የሰው እጅ እንደሠራው የሚያስታውቅ ፊደል ነበር። አባቴን ከሀ እስከ ፐ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ አልኩት። ሦስት ፊደል ጻፈና ብሩሹን ወረወረው።

"ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አለ።

ከሳምንት በኋላ መላውን ራሱ አመጣው። ከጎሚስታ ቤት የተቀደደ ካላማዳሪ፣ ያን የመኪና የውስጥ ጎማ፣ ለምኖ ይዞ መጣ። ላስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ምላጩን በሁለት እጁ ጨብጦ በሙሉ ክብደቱ ሲጫነው እጁ አይንቀጠቀጥም። እሱ ፊደሉን ገልብጦ ይቆርጣል፤ እኔ በማስቲሽ እንጨት ላይ እለጥፋለሁ፤ ከዚያ ቀለም ቀብተን ወረቀት ላይ እናትማለን። ክረምቱን እንዲህ አሳለፍነው፤ ኩርፊያችንም ሳናውቀው ቀረ። ምላጩ አንዳንዴ ያመልጠዋል። "ው"ን ሲቆርጥ ጎኗ ላይ አንድ ሰያፍ ጭረት ቀረባት።

"ልድገማት?" አለኝ።

"ተዋት አባዬ፣ ታምራለች" አልኩት።

እያንዳንዱን ፊደል ደጋግመን አትመን ጥሩ ሆኖ የወጣውን አንዱን መርጬ በስካነር አስገባሁ፤ አጽድቼ ፎንት አደረግኩት። "የዛገው" አልነው። አንድ ጉድለት ነበረበት። እውነተኛ ዝገት ሁለት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም፤ በእኔ ፎንት ግን አንድ ቃል ውስጥ ሁለት "ለ" ካለ ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ፣ ልክ በዚያው መጠን ተልጠዋል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሦስት መልክ ሠርቶ ማፈራረቅ ነው። ሁለት መቶ ምናምኑን ፊደል እንደገና ለመጀመር ሰነፍኩ፤ አልደብቅም።

ቢሆንም ሥራውን ሠራ። ሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ አድርገን ስናወጣው፣ የተከፈተ ወር ያልሞላው ቤት ከአያት የተወረሰ መሰለ። ለአምባሰል ማር የጠርሙስ ወረቀት፣ ግሸን ለሚወጡ ተሳላሚዎች ካናቴራ፣ በአምባሰል ቅኝት ለሚጫወት አንድ ዘፋኝ የሙዚቃ ሽፋን ሠራሁበት። እየሠራሁም ጠባዩን ተማርኩ። ሲተልቅ ያምራል፤ ሲያንስ ጭረቱ ቆሻሻ ይመስላል። ብዙ ቃል ስትጭንበት ዓይን ያደክማል። የመድኃኒት ቤት ታፔላ በእሱ ቢጻፍ ሰው መድኃኒቱም ጊዜው ያለፈበት ይመስለዋል። ሰነድ ላይ ደግሞ በፍጹም አይገባም፤ ያልኖረውን ዕድሜ ለነገር የሚሰጥ ፊደል ነዋ። ስለዚህ ፋይሉን ለማንም አልሰጥም፤ ደንበኛ ሲገባ ስክሪኔን አዞራለሁ።

ስክሪኔን የማላዞርበት አንድ ሰው ነበር፤ የቅሬያችን ዕቃ ጠባቂ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ጠዋት ጠዋት መጥቶ በሬ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና የከተማውን ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነግረኛል። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳ ያነሳበታል። ድንኳኑ፣ ድስቱና ቃሬዛው የሚቀመጡበት ቆርቆሮ ቤት ከሐይቁ በላይ ካለው ዋርካ አጠገብ ነበር፤ ቁልፉን የሚይዘው ይኸው ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ከዓረብ አገር ተመለሰና "ያ ቤት የቆመበት ቦታ የሟች አባቴ ነው" አለ። "አባቴ ለቅሬው አዋሰው እንጂ አልሰጠውም፤ እንግዳ ማረፊያ ልሠራበት ነው" አለ። ሽማግሌዎቹ "አባትህ ሰጥቶናል" አሉት። "በምን?" አላቸው። ወረቀት የለም። የእኔ አባት ተነስቶ "ታፔላ ነበረው። ስጦታ መሆኑን የሚናገር። የዛሬ አርባ ዓመት አባትህ አጠገቤ ቆሞ እያየ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለ። ታፔላው ግን ገና ድሮ ጣሪያው ሲታደስ ከአሮጌው ቆርቆሮ ጋር ተጥሏል፤ ያኔ ካዩት ሰዎች ደግሞ በሕይወት የቀረ የለም። ሰውየው ሣቀ። "የሌለ ታፔላ ነው እንዴ ምስክር የምትጠሩብኝ?" አለ። አባቴ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ።

ከወር በኋላ ቅሬው ሲሰበሰብ ዕቃ ጠባቂው አንድ የዛገ ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ። "ከትልቁ ድስት ኋላ ተወትፎ አገኘሁት" አለ። ጽሑፉ "ይህ ቤት የቅሬው ነው። ቦታውም ለቅሬው በስጦታ የተሰጠ ነው።" ይላል። ዋርካው ሥር እልልታ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተቃቀፉ። ከዓረብ አገር የመጣው ሰው ፊቱ ጠቆረ። እኔ ሴቶቹ መካከል ቆሜ አንገቴን አሰገግሁና አምስት "ው" ቆጠርኩ። አምስቱም ጎናቸው ላይ ያቺ ሰያፍ ጭረት አለቻቸው።

ያ ቆርቆሮ የአርባ ዓመት ሳይሆን ከእኔ ኮምፒውተር የወጣ ነው፤ ማን አወጣው? በዚያች ቅጽበት በዓይኔ ያልመረመርኩት ሰው የለም። መጀመሪያ ከሳሹን ጠረጠርኩ፤ ራሱ አስቀምጦ ኋላ "ሐሰተኞች" ሊለን ይሆናል። ከዚያ ባነር የሚያትምልኝን የደሴውን ሰው ጠረጠርኩ። ከዚያ ዓይኔ ዕቃ ጠባቂው ላይ ቀረ። ታፔላውን ያገኘው እሱ ነው፤ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ ስክሪኔ ላይ ያለውን ፊደል ትኩር ብሎ አይቶ "እቴ፣ ይሄ ነገር ቆርቆሮ ላይ ይወጣል?" ብሎኛል። ያኔ ሣቅሁ። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ደስም አለኝ፤ ለካስ ጥርጣሬ ሲገጥም ደስ ይላል።

ከሳሹ ዝም አላለም። "ይህ ታፔላ ትናንት የተሠራ ነው። አውጫጭኝ ይጠራልኝ!" አለ። አውጫጭኝ የቆየ ወግ ነው፤ ሰው ሁሉ፣ ሴት ወንድ ሳይል፣ ይሰበሰብና አንድ በአንድ እየገባ የሚያውቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሮ ይናገራል። የተናገረውን ሰው "ወፍ" ይሉታል። ወፏ ማን እንደሆነች አይነገርም፤ ሽማግሌዎቹም እስከ መቃብር ይዘውት ይሄዳሉ። ቅሬው በእውነቱ ስለተማመነ ተስማማ። ተንኮሉን የሠራው ከተገኘ አንድ ዓመት ከቅሬ እንደሚወጣ ተወሰነ። ከቅሬ መውጣት ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ሰላም የሚልህ የለም፣ ብትሞትም ቃሬዛውን የሚይዝልህ የለም።

ቀኑ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ሸኹ፣ ቄሱና አንድ አዛውንት ገበሬ ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ ተቀምጠዋል። ተራዬ ደርሶ ገባሁ።

"የምታውቂውን ሐቅ ተናገሪ ልጄ፤ አማና ነው፣ ከዚህ አይወጣም" አሉኝ ሸኹ።

ዝም ብል እችል ነበር። ዝም ብል ቤቱ ለቅሬው ይቀራል፤ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ፊደሉ የእኔ ነው፤ ዛሬ ባልናገር ነገ ከእኔ ኮምፒውተር መውጣቱ ቢታወቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው። እውነት ለመናገር ከሐቁ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይህ ነበር። ስለ ጭረቷ ነገርኳቸው። ስለ ቁልፉም ነገርኳቸው፤ ቆርቆሮ ላይ ይወጣል ወይ ብሎ እንደጠየቀኝም ነገርኳቸው። ስሙን ስጠራ ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሁሉም ገብቶ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ቆሙ። "ወፍ ነግራናለች" አሉና ዕቃ ጠባቂውን ወደ መሐል ጠሩት። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ሽማግሌው ብቻውን ቀረ።

"ይህን ታፔላ አንተ ሠራኸው ወይ?"

"ኧረ አልሠራሁም! አገኘሁት እንጂ።"

"ያረጀ ፊደል ቆርቆሮ ላይ ይወጣል ወይ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?"

"አዎ ጠይቄያለሁ። 'ኃይለኛ ውሻ አለ' የሚል ላስጽፍ ነበር።"

"ውሻ አለህ እንዴ?"

"የለኝም። ለዚህ እኮ ነው ያረጀ ፊደል የፈለግኩት፤ ውሻው የቆየ እንዲመስል።"

ሰው ሣቀ። ደግ ሣቅ አልነበረም። ሽማግሌው ወዲያና ወዲህ አየ፤ አንድ ሰው "ይህ ሰው እንዲህ አያደርግም" እንዲልለት የጠበቀ ይመስለኛል። ማንም አላለም። ቄሱ "እስቲ የሙያው ሰው ይየው" አሉና ቆርቆሮውን አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየሁት። አምስቱ "ው"ዎች ያቺ ጭረት አለቻቸው። ቀለሙ ግን ይለያያል፤ አንዷ ላይ ወፍሯል፣ አንዷ ላይ ሳስቷል፣ አንዷ ጥግ ላይ ጨርሶ አልያዘም። ከኮምፒውተር የወጣ ቢሆን አምስቱም አንድ ይሆኑ ነበር። ይህ በእጅ የታተመ ነው። በካላማዳሪ የታተመ ነው፤ የላስቲክ ፊደሎቹ ያሉት ደግሞ አባቴ አልጋ ሥር፣ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ፎንት ሠሪዋ ራሴ የራሴን ፎንት ከላስቲክ ማኅተም ሳልለይ ሰው አስወግሬያለሁ። ቀና ስል አባቴ በከዘራው ተደግፎ እየተነሳ ነበር።

"ልቀቁት። እኔ ነኝ" አለ።

ዋርካው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

"የመጀመሪያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወላሂ ቃሉ ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ዝገቱን ግን ዋሽቻለሁ። በጨውና በሎሚ አሽቼ ሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ቀበርኩት፤ ከዚያ ወስጄ ድስቱ ኋላ ሸጎጥኩት። ይሄ ሰው አያውቅም።"

"ምነው አያ፣ ምነው አንቱ?" አሉት ሸኹ።

"የሌለ ታፔላ ሲለኝ..." አለ። የቀረውን አልጨረሰውም።

በአንድ ጠዋት ቅሬው ሁለት ነገር አጣ። ታፔላው ሐሰት ስለሆነ ቦታውን ሰውየው ወሰደ፤ ድንኳኑና ቃሬዛው እስከ ዛሬ በየሰው ቤት ተበትነው አሉ። አባቴም አንድ ዓመት ከቅሬ ወጣ፤ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያለሁት እኔም አብሬ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ውሳኔውን ሲናገሩ ወደ እኛ አላዩም። እናቴን የቀበረ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጠን።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ በመንገዱ ጫፍ ይሄድ ነበር። ባጃጅ ሲያልፍ ቆም ይልና ይቀጥላል።

"ወፏ አንቺ ነሽ አይደል?" አለኝ።

ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም።

"ያቺን ጭረት ከእኔና ካንቺ ሌላ የሚያውቃት የለማ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰዉን ሁሉ ትጠረጥሪያለሽ፤ ከልጅነትሽ እንዲያ ነሽ። እኔን ለምን አልጠረጠርሽም?"

"አባቴ ስለሆንክ" ልለው አሰብኩ። ውሸት ይሆን ነበር። አባትነቱ ትዝም አላለኝም። "እጅህ የሚችል አልመሰለኝም" አልኩት።

"ይሄ ነው የጠላሁት" አለ። ከዚያ እስከ በራችን ድረስ ቀድሞኝ ሄደ፤ ከዘራውን ከወትሮው አጥብቆ እየመታ።

የቅሬው ሰው ሱቄ መግባት ተወ። በመንገድ የሚያልፍ ደንበኛ ስላለ እንጀራችን አልተቋረጠም፤ "እንዴት አደርሽ" የሚለኝ ግን ጠፋ። የሚገርመው ዕቃ ጠባቂው መምጣቱን አልተወም። ሰላም ማለት ተከልክሏልና አይገባም፤ አግዳሚውን ራሱ ወደ መንገዱ አዙሮ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ይቀመጣል። ከዚያ ወሬውን ለመንገዱ ይናገራል። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ ዓሣው ለምን እንደጠፋ፣ ሁሉንም ለሚያልፈው ሚኒባስ ይነግረዋል። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህንንም ጠረጠርኩ፤ ምን ሊያይ ነው የሚመጣው እያልኩ። ውሎ አድሮ ግን ሳይመጣ በቀረ ጠዋት ሥራ አልያዝልኝ አለ። በልቤም ምናልባት ወፏ እኔ መሆኔን አላወቀም፣ አባቴ ስላዳነው ምስጋናውን እየከፈለ ነው አልኩ። በዚህ ተጽናናሁ፤ መጽናናቴም አሳፈረኝ።

አራት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ጠዋት ስለ ዝናቡ ለመንገዱ እያወራ ሳለ ወደ በሩ ሄድኩ። ጀርባውን እያየሁ "አያ፣ ወፏ እኔ ነኝ" አልኩት።

አልዞረም። "አውቃለሁ እቴ" አለ፤ አሁንም ለመንገዱ። "ያቺን የቆርቆሮ ጥያቄ በዚች ዓለም የጠየቅኩት አንቺን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ለምን ትመጣለህ?"

"እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። ነገ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ።" ጋቢውን ሰበሰበ። "ቆየሽ።"

ተነስቶ አግዳሚውን ወደ ቦታው መለሰ፤ ትንሽ ዘንበል ያለውን እግሩን በድንጋይ ደገፈው። ግራ ቀኝ አይቶ መንገዱን ተሻገረ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም። ቅሬው ለአባቴ አንድ ዓመት ቆርጦለታል፤ ሽማግሌው ለእኔ ስንት እንደቆረጠልኝ አልነገረኝም።